መልስ፦ ቤት ለቤት በሚዞር ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ሥራ መጀመር

"ገና ተመርቄ በየሕክምና ክፍሉ እየተቀያየርኩ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ማከም አይከብደኝም ወይ?" ላልሽው፣ ይከብዳል። ግን ግቢበት። ሆስፒታል ውስጥ ግራ ሲገባሽ ዞር ብለሽ የምትጠይቂው ሰው አለ። ታካሚው ቤት ግን ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት አጣሪ፦ ስትደውዪ ስልክ የሚያነሳ ነባር ባለሙያ አለ? ከሌለ ይቅርብሽ።

እኔ መጀመሪያ የታካሚውን የታመመ ጉልበት ብቻ ነበር የማየው። አሁን ገና በር ላይ ሆኜ የተጣጠፈውን ምንጣፍ፣ ያለቀውን ነጠላ ጫማ አያለሁ፤ ሰው ይጥላሉና። አረማመዱንም በሰዓት እለካለሁ፦ ከወንበር ተነስቶ፣ 3 ሜትር ሄዶ፣ ተመልሶ ለመቀመጥ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅበት አዛውንት የመውደቅ ስጋት አለበት። ሰዓትሽን እንዳትረሺ!

ምድብሽ ሲቀየር ደግሞ ታካሚሽን በጽሑፍ አስረክቢ። "ደህና ነው" ብሎ መሄድ የለም።