ክራሩን አትሽጪው

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቀን በአካውንታንትነት ትሠሪያለሽ፣ ማታ ባህል ምግብ ቤት ክራር ትጫወቻለሽ። ምኞትሽ ውጭ አገር የሙዚቃ ፌስቲቫሎች ላይ መጫወት ነው። ጓደኛሽ ግን «ክራሩን ሽጠሽ ኪቦርድ ግዢ፣ ፈረንጅ ዘመናዊ ነው የሚፈልገው» ብሎሻል። ልስማው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትስሚው። ኪቦርድ ተጫዋች በየአገሩ ሞልቷል። የማሊው ቱማኒ ጃባቴ በ1988 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው አልበም ላይ የሚሰማው ኮራ ብቻ ነው። ባለ 21 ክር መሣሪያ፣ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ከበሮ። በዚያው ኮራ ዓለምን ዞረበት። የኛዋ አስናቀች ወርቁም ፓሪስ በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ተከታታይ ውስጥ ራሷን የቻለ ሲዲ ያገኘችው በክራሯ ነው።

ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም። አሁን ማታ ማታ የምትጫወቺው ለፌስቲቫል አይሆንም። ምግብ ቤት ውስጥ ከየአካባቢው አንድ ሁለት ዘፈን ነው። ሰው እየበላ ይሰማል፣ ተወዛዋዦቹ ይሸፍኑሻል። ፌስቲቫል ላይ ግን ሰው ቆሞ አንቺን ነው የሚያየው። ስለዚህ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ የራስሽ ሥራ ያስፈልግሻል። አራት ሰው ይበቃል። ሰው በበዛ ቁጥር ቲኬቱና ቪዛው ይበዛል።

ቅኝቱንም አስቢበት። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ቆመሽ ክር ስታጠብቂ መድረኩ ይቀዘቅዛል። ሁለት ክራር ይኑርሽ፣ ሁለቱም ቀድመው ተቃኝተው የተቀመጡ። የክሩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ማጉያው የሚያስገባ ፒክአፕ አስገጥሚላቸው። በማይክ ብቻ ከሆነ ከበሮው ይውጥሻል።

ለክሊፕ ገንዘብ አታውጪ። አንድ ካሜራ አቁሚና ያልተቆራረጠ፣ ድምፁ ጥርት ያለ የቀጥታ ጨዋታ ቅረጪ። ለፌስቲቫል ባንድ የሚመርጡት ሰዎች ማወቅ የሚፈልጉት መድረክ ላይ ምን እንደምትሠሪ ነው።

ማመልከቱን ከዛንዚባር ጀምሪ። ሳውቲ ዛ ቡሳራ ከ2004 ጀምሮ ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ የካቲት አካባቢ የሚካሄድ ፌስቲቫል ነው። በቀጥታ ለሚጫወት ነው ቦታ የሚሰጡት፣ ፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳ ከፍቶ መጫወት፣ የለም። ለኛም ቅርብ ነው። በ1994 በርሊን ላይ የተጀመረው ዎሜክስ ደግሞ የፌስቲቫል አዘጋጆች የሙዚቃ ባንዶችን አይተው የሚመርጡበት ገበያ ነው። ወደዚያ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ሥራሽ ይብሰል።

የቀን ሥራሽንም አሁን አትልቀቂ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። ድሮ የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ሰው ሲፈልገው እጁ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። ደግሞም ሂሳብ ማወቅሽ ለባንድሽ ትልቅ ነገር ነው። በገንዘብ ተጣልቶ የሚፈርስ ባንድ ብዙ አይቻለሁ። ማን ስንት እንደሚያገኝ ገና ሳትጀምሩ በወረቀት አስፍሩት።

የግብዣ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ቪዛ ማመልከት ጀምሩ። ያማከርኳቸው ልጆች አንዴ ቪዛው የደረሰላቸው ፌስቲቫሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀን አብሬያቸው አልቅሻለሁ።

አሁን የምፈልገው የ20 ደቂቃ ቅጂ ነው። ስልክም ቢሆን ይሁን። ላኪልኝና አብረን እንሰማዋለን።