ብራውዘሩ እስኪከፈት ቡና ይፈላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነኝ። ለሱቆችና ለእንግዳ ማረፊያዎች ዌብሳይት እሠራለሁ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ካልሰካሁት አይበራም። «ለዴቨሎፐር የግድ ናቸው» የተባሉትን ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሁሉ ስጭን ክሮም ላይ 19 ደረሱ። አሁን ብራውዘሩ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። የቱን ልያዝ፣ የቱን ልጣል? ኮድ መጻፊያ ኤዲተርስ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 19 የሚለውን ሳነብ ሳቅኩ። ከዚያ የራሴን ቆጠርኩ፣ 11 ሆኑ፣ ዝም አልኩ።

ለሥራ ሁለት ያዝ፣ 17ቱን አውጣ። አብዛኞቹ የሚሠሩት ሥራ ክሮም ውስጥ ድሮም አለ። ኤፍ12ን ተጫን፣ እዚያ ነው ያለው። እርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 ፋየርበግ የሚባል የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን ወጣ፣ የገጹን ኮድ ከፍተን እዚያው እየነካካን ውጤቱን ማየት ብዙዎቻችን የለመድነው በሱ ነው። ቆይቶ ብራውዘሮቹ ሥራውን ራሳቸው ያዙት፣ ፋየርበግም በ2017 ቆመ። ጥሩ ኤክስቴንሽን መጨረሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፣ ብራውዘሩ ይውጠዋል። ስለዚህ ቀለም መልቀሚያው ይውጣ፣ የስልክ ስክሪን ማሳያው ይውጣ። ኤፍ12 ከፍተህ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤምን አንድ ላይ ስትጫን ገጹ በስልክ መጠን ይመጣልሃል።

እዚያው ኔትወርክ የሚል ታብ አለ። «ኖ ትሮትሊንግ» የሚለውን ወደ 3ጂ ቀይረውና የሠራኸውን ገጽ እንደገና ክፈት። እኔ አንድ የማረፊያ ቤት ገጽ እንዲህ ስከፍት የመኝታ ክፍሉ ፎቶ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ እየወረደ፣ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ አምፖሉ፣ አልጋው ጋ ሳይደርስ ሰለቸኝና ዘጋሁት። ፎቶው ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ 5 ሜጋባይት ነበር። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድ ኔትወርክ ይህ ብቻውን 40 ሰከንድ ይፈጃል። ያንተን ደንበኞች ገጽ የሚከፍተው ሰው ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ በሞባይል ዳታ ነው። ስኩሽ የሚባል የጎግል ነፃ መሣሪያ አለ፣ እዚያው ብራውዘር ላይ ፎቶውን ዌብፒ ወደሚባል ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ቀይሮ ያሳንስልሃል። ኤክስቴንሽን አይደለም፣ የሚጫን ነገር የለውም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ኤክስቴንሽን ስትጭን «በሁሉም ዌብሳይቶች ላይ ያለህን መረጃ ማንበብና መቀየር ይችላል» የሚል ነገር ይመጣል አይደል? ሁላችንም ሳናነብ እሺ እንላለን። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ነበር፣ የማትጠቀምበትን ታብ አስተኝቶ ራም የሚቆጥብ፣ ልክ ላንተ ላፕቶፕ የተሠራ የሚመስል። ሠሪው በ2020 ማንነቱ ላልታወቀ ወገን ሸጠው። በ2021 መጀመሪያ ላይ ጎግል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) አለበት ብሎ አገደው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ኮምፒውተር ላይ ነበር። አሁን ክሮም ሜሞሪ ሴቨር የሚል የራሱ አለው፣ ሴቲንግ ውስጥ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር ታገኘዋለህ። አብራው።

የምትይዛቸው ሁለቱ፦ ዌብ ዴቨሎፐር የሚባለውና ዌቭ። የመጀመሪያው ጃቫስክሪፕቱን ወይም ፎቶዎቹን በአንድ ክሊክ አጥፍተህ ገጹ ምን እንደሚመስል ያሳይሃል። ዌቭ ደግሞ ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ጋር ሲመሳሰል፣ ፎቶ ያለ መግለጫ ሲቀር ይነግርሃል። ግራጫ ላይ ግራጫ መጻፍ የምትወድ ከሆነ (ብዙዎቻችሁ ትወዳላችሁ) በቀይ ምልክት ያጨናንቅሃል።

የማስታወቂያ ማገጃውን ለራስህ መጠቀሚያ ተወው፣ ለሥራ ግን ክሮም ላይ ሌላ ፕሮፋይል ክፈት። አንዴ የሠራሁት ባነር ጠፍቶብኝ ከሰዓቱን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ለካ የፎቶዎቹን ፎልደር «አድስ» (ads) ብዬው ነበር፣ ማገጃው ማስታወቂያ መስሎት ደብቆታል። ደንበኛዬ በስልኩ ከፍቶ «እኔ ጋማ አለ» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ኤዲተር ላልከው ቪኤስ ኮድ። ነፃ ነው፣ በ4 ጊጋም ይሠራል፣ እሱም ላይ 19 ካልጫንክበት። ኮዱን የሚያስተካክለው ፕሪቲየርና ገጹን እየሠራህ ብራውዘር ላይ የሚያሳይህ ላይቭ ሰርቨር ይበቁሃል፣ አጭር ጽፈህ ረጅም ኮድ የሚያወጣልህ ኤሜት አብሮት ነው የሚመጣው። ባትሪ የለኝም ስላልከኝ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተውና ፋይል ሜኑ ውስጥ «አውቶ ሴቭ» የሚለውን ዛሬውኑ አብራ። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ሲያጉረመርም መብራቱ ቀድሞ ይሄዳል። ከከበደህ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ አለ፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ቀላል፣ መልኩ የማያምር። አተም የሚባለውን ኤዲተር ከድሮ ቪዲዮ አይተህ እንዳታወርድ፣ በታኅሣሥ 2022 እንደ ፈረንጆቹ ተዘግቷል።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ላለ የአክስቴ ሱቅ በአማርኛና በኦሮምኛ ገጽ እየሠራሁ ነው። ኦሮምኛው በትክክል ይታያል፣ አማርኛው ግን ተበላሽቷል። ኤዲተሩ ነው ብራውዘሩ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብልሽቱ ምን እንደሚመስል ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር፣ ሦስት ዓይነት ነውና። ኦሮምኛው የሚተርፈው በቁቤ ስለሚጻፍ ነው፣ ተራ የላቲን ፊደል በአብዛኞቹ ኤንኮዲንጎች (ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚቀመጥባቸው መንገዶች) አይነካም። ፊደላችን ግን ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን ይፈልጋል።

አንዱ ፊደል ወደ ሦስት እንግዳ ምልክት ተቀይሮ፣ ጭረት ያለበት «ኤ» (á) እየደጋገመ ከመጣ አትደንግጪ። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ነው፣ ብራውዘሩ ሦስቱን ለየብቻ እያነበባቸው ነው። ከገጹ አናት፣ ከርዕሱም በፊት፣ የቻርሴቱን (የኤንኮዲንጉን) መስመር ዩቲኤፍ-8 ብለሽ ጻፊ፣ ይስተካከላል። ባዶ ሣጥን ከሆነ ስልኩ ፎንት የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከገጹ ጋር አያይዢው።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን፣ ኮዱን በኤዲተር ከፍተሽ ፋይሉ ውስጥም የጥያቄ ምልክት ካየሽ፣ ጽሑፉ ጠፍቷል። «አንሲ» በሚባለው የድሮ ኤንኮዲንግ ሴቭ ተደርጎ ፊደሎቹ ተጥለዋል። የቆየ ዊንዶውስ ላይ ያለው ኖትፓድ ሴቭ ስታደርጊ ያስጠነቅቃል፣ ኦኬ ብለሽ አልፈሽው ይሆናል። መልሶ መጻፍ ነው እንግዲህ። ቪኤስ ኮድ ከታች በቀኝ በኩል ኤንኮዲንጉን ይጽፍልሻል፣ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት እዚያ ዓይንሽን ጣል አድርጊ።

ጥያቄ፦ የሠራሁትን ገጽ በራሴ ስልክ ለማየት ሰርቨር ላይ እየጫንኩ ነው፣ ጥቅሌ አለቀ። መላ አለው?

መልስ፦ አለው። የስልክህን ሆትስፖት ክፈትና ላፕቶፑን አገናኘው። ቪኤስ ኮድ ላይ ላይቭ ሰርቨርን አስነሳ። ከዚያ ስልኩ ብራውዘር ላይ የላፕቶፕህን አይፒ አድራሻ፣ ሁለት ነጥብ (:) እና 5500 ጻፍ። ገጹ ከላፕቶፕህ ወደ ስልክህ ነው የሚሄደው፣ ከጥቅልህ አይቆርጥም። አልከፍት ካለህ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፣ ፍቀድለት። ላፕቶፑ ግን ሆትስፖት ሲያገኝ አፕዴት ማውረድ እንዳይጀምርብህ ግንኙነቱን ዊንዶውስ ላይ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርገው።