ታካሚው ነቅቶ እያለ የጣት ነርቭ ስለ መስፋት

ወንድሜ፣ የጠየቅከው እኔንም ለዓመታት ያስጨነቀኝን ነው። በመስታወት ጣቱን የተቆረጠ ወጣት አለህ፤ ነርቩም ጅማቱም ተበጥሷል፤ የሰመመን ተራ ሩቅ ነው። ቦታውን በሚያደነዝዘው ሊዶኬይንና የደም ሥር አጥብቦ ደም በሚያቆመው አድሬናሊን ብቻ፣ ነቅቶ እያለ ልስፋው ወይስ ጣቱ ይሞትብኛል ነው ያልከው።

የጣቱ ጫፍ ቀልቶና ሞቆ ከሆነ ስፋው። የደም ዝውውሩ የቆመ ወይም የተጨፈለቀ ጣት ከሆነ ግን አድሬናሊን አታስጠጋው። አድሬናሊን ጣት ይገድላል የሚለውን ሁላችንም ተምረነዋል። ነገሩ የመጣው ከ1950 በፊት ይወጋ ከነበረው ፕሮኬይን ከተባለ ማደንዘዣ ነው፤ ሲቆይ አሲድነቱ እየጨመረ ሥጋ ያበላሽ ነበር፣ ጥፋቱ ግን አብሮት በተቀላቀለው አድሬናሊን ተሳበበ። ካናዳዊው ዶክተር ዶናልድ ላሎንድና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ጥናት ከ3,000 በላይ ታካሚዎች እጅና ጣታቸው ላይ ተወግተው አንድም ጣት አልሞተም። ጣቱ ነጥቶ ቢቀር እንኳ የአድሬናሊን ማርከሻው ፌንቶላሚን ነው፤ ከመጀመርህ በፊት ፋርማሲው እንዳለው ጠይቅ።

አሠራሩ፦ 10 ሚሊ ባለ 1 በመቶ ሊዶኬይን ላይ በ1 ሚሊ ውስጥ 1 ሚሊግራም ከያዘው አምፑል 0.1 ሚሊ አድሬናሊን ትጨምራለህ። እዚህ ላይ ስህተት ሰው ይገድላል፤ ነርሷ አምፑሉን ጮክ ብላ ታንብብልህ። 1 ሚሊ ባይካርቦኔት ከጨመርክበት ማቃጠሉ ይቀንሳል። የሊዶኬይኑ ከፍተኛ መጠን በኪሎ 7 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊግራም፣ ማለትም ከ1 በመቶው ሊዶኬይን 42 ሚሊ ይሆናል። አስተኝተህ ውጋ፣ ተቀምጠው የሚወድቁብህ አሉ። ልቡ ለጥቂት ደቂቃ በኃይል ሊመታ እንደሚችልም አስቀድመህ ንገረው። ከመውጋትህ በፊት ደግሞ የጣቱን ስሜት በደንብ ፈትሸህ መዝግብ፤ ከደነዘዘ በኋላ የትኛው ነርቭ እንደተቆረጠ የሚነግርህ የለም።

እኔ የተሳሳትኩት መጠበቁ ላይ ነው። የመጀመሪያው ታካሚዬ ብረት ሠራተኛ ነበር። ቸኩዬ ሰባት ደቂቃ ብቻ ጠብቄ ቆረጥኩ፤ ቁስሉ ደም ሞላ። የወጋሁትም ቁስሉ ዙሪያ ብቻ ስለነበር የነርቩን የላይኛውን ጫፍ በፒንሴት ስነካው ሰውየው ጮኸ። ያ ጩኸት ዛሬም አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ከቁስሉ በላይ፣ መዳፉ ላይ ጀምሬ፣ በቀጭን መርፌ ቀስ እያልኩ እወጋለሁ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ሙሉ እጠብቃለሁ። ደሙ ስለሚቆም ክንድ ማሰር አያስፈልግም።

ነቅቶ መሥራት ለእኔ ተራ ማሳጠሪያ ብቻ አይደለም። ጅማቱን ሰፍተህ «ጣትህን እጠፍ፣ ዘርጋ» ስትለው ስፌቱ ከተከፈተ እዚያው ታየዋለህ። ከዚያ ነርቩን በማጉያ መነጽር፣ በጣም ቀጭን በሆነው 9-0 ናይለን ክር ስፋውና ታካሚው ጣቱን ቀስ ብሎ እንዲዘረጋ አድርግ፤ ነርቩ ሲወጠር ካየህበት ቦታ አልፎ ጣቱ እንዳይዘረጋ በጀሶ ትገድበዋለህ። አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ እናት ጣቷ ሲንቀሳቀስ አይታ «ታጠፈች! ታጠፈች!» እያለች አለቀሰች። እዚያው እየሰፋሁ ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል እንደሚያድግ፣ ስሜቱ ለመመለስ ወራት እንደሚፈጅ ነገርኳት። የታዘዘላትን እንቅስቃሴ አንድ ቀን አላጓደለችም።

ሕፃንና በጣም የሚፈራ ሰው ግን ተራውን ይጠብቅ። የወጣቱን ክብደትና የተቆረጠበትን ቦታ ጻፍልኝ፣ መጠኑን አብረን እናሰላዋለን።