በክሪኬት ወርዋሪዎች፣ የዌስት ኢንዲሱ ማርሻል ከስሪላንካው ሙራሊታራን በላይ የሚሆነው እንዴት ነው?
«800 ዊኬት (መቺን ከጨዋታ ማስወጣት) ያለው ሙራሊታራን እያለ 376 ያለው ማርሻል እንዴት አንደኛ ይባላል?» ላልከው፦ ድምሩ የጨዋታ ብዛትን ይከተላል። የእንግሊዙ አንደርሰን 704 የደረሰው በ188 ቴስት (ቀናት የሚወስድ የአገሮች ግጥሚያ) ነው። መጀመሪያ አማካዩን እይ፤ ማለትም ወርዋሪው ለአንድ ዊኬት ስንት ራን (ነጥብ) እንደተቆጠረበት፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ማርሻል 20.94፣ ሙራሊታራን 22.72፣ አውስትራሊያዊው ዋርን 25.41። ከዚያ ተጋጣሚውን መርምር፤ ከሙራሊታራን ዊኬቶች 176ቱ ያኔ ደካማ ከነበሩት ከዚምባብዌና ከባንግላዴሽ የተገኙ ናቸው።

የእንግሊዙ ባርንስ በ16.43 እነዚህን ሁሉ ያስከነዳል፣ ግን ከ1914 በፊት ሜዳው ከዝናብ አይሸፈንም ነበር፤ ይህም ወርዋሪን ይጠቅም ስለነበር ከዛሬዎቹ ጋር በቀጥታ አታወዳድረው።

ማርሻል በ1984 ሊድስ ላይ የግራ አውራ ጣቱ ተሰብሮ፣ በጀሶ እንደታሰረ 7 ዊኬት በ53 ራን ወስዷል። የኔ ተራ፦ ማርሻል፣ ሙራሊታራን፣ አውስትራሊያዊው ማግራ። ዋርን አራተኛ፤ እዚህ ላይ ብትሰድበኝም አልቀየምም።