ከማን ጋር ነበር የበላችሁት?

ውድ ልጆቼ፣

በሥነ ምግብ ጥናት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡት አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሥራ ስጀምር ቅጻችን ምን እንደተበላ፣ ምን ያህል እንደተበላና መቼ እንደተበላ ይጠይቃል። ከማን ጋር እንደተበላ ግን አይጠይቅም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ገጠር አንድ ቤት ሚዛን ይዤ ዋልኩ። እንጀራውን መዘንኩ፣ ሽሮውን መዘንኩ። ገበታው ቀረበና አባትየው ከአራት ልጆቹ ጋር ከበቡት። ትንሹ ልጅ ቶሎ በቃኝ ብሎ ዞር አለ። እህቱ ጠቅልላ አጎረሰችው። ቀጥሎ አባቱ አጎረሱት፤ «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙለት። በቃኝ ካለ በኋላ ሦስት ጉርሻ ገባለት ማለት ነው። ይህን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። በዚያ ላይ እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ሽሮው ላይ ቅቤ ተጨምሯል። እናትየው ጓዳና ሳሎን እየተመላለሰች «ብሉ፣ እኔ በልቻለሁ» ትላለች። አልበላችም። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ።

የጆን ደ ካስትሮን ጥናቶች ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ሰዎች ለ7 ቀን የበሉትን ሁሉ ደብተር ላይ እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። ደብተሩ ላይ ታዲያ አንዲት ተጨማሪ ቦታ ነበረች፤ አብሮ የበላው ስንት ሰው ነው? እ.ኤ.አ. በ1992 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ውጤት ይኸውላችሁ። ከአንድ ሰው ጋር የተበላ ምግብ ብቻ ከተበላው በ33 በመቶ ይበልጣል። አብረው የሚበሉት ሰባትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ልዩነቱ 96 በመቶ ይደርሳል።

እናንተም ወዲያው መጠርጠር አለባችሁ። ምናልባት የእረፍት ቀን ስለሆነ ይሆን? መጠጥ ስለነበረ? ምግብ ቤት ስለሄዱ? እሱም ጠርጥሯል። ቁርሱን ከምሳው፣ ቤት የተበላውን ውጭ ከተበላው፣ መጠጥ ያለበትን ከሌለበት ለይቶ አየው። ነገሩ አልተለወጠም። ዋናው ምክንያት ጊዜ ነው ይላል፤ ሰው ካለ ገበታው ላይ ይቆያል። ጨዋታው ሳያልቅ ማን ይነሳል? ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የእኛ አገር ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም ትሉ ይሆናል። ማወቁንማ እናውቀዋለን፤ ግን አልለካነውም። ከአንድ ትሪ አምስት ሰው ሲበላ የማን እጅ ምን ያህል እንዳነሳ መለየት እስካሁን ፈተና ነው።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊያን በርች እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመችውን ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። አንድን አትክልት የማይመርጥ ሕፃን፣ ያንኑ አትክልት ከሚመርጡ ጥቂት ልጆች ጋር ምሳ አስቀመጠችው። በአራት ቀን ውስጥ ምርጫው ወደ እነሱ አዘነበለ። ያደረገችው ነገር ቢኖር ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ መወሰን ነው።

ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ፒተር ኸርማንና ጃኔት ፖሊቪ ከአዋቂዎች ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። አጠገብህ ያለው ትንሽ ሲበላ አንተም ትቀንሳለህ። ለምን እንዲህ በላህ ሲባል ግን ሰው «ርቦኝ ነው»፣ «ጣፍጦኝ ነው» ይላል። አጠገቡ ስለተቀመጠው ሰው እምብዛም አያነሳም። እየዋሸ አይደለም፤ አልታወቀውም። ስለዚህ ልጆቼ፣ መጠይቅ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ማን ቀድሞ እንደሚያነሳ፣ ማን መጨረሻ እንደሚነሳ እዩ።

ውጤቱ እንደጠበቃችሁት ካልሆነም እንዳለ ጻፉት። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ብራያን ዋንሲንክ በዚሁ መስክ እጅግ ዝነኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ጃማ የተባለው የሕክምና መጽሔትና እህት መጽሔቶቹ የውጤቶቹ ትክክለኛነት ሊረጋገጥ ስላልቻለ ስድስት ጽሑፎችን በአንድ ቀን ሰረዙበት። እነዚያን ጽሑፎች አምነን ስናስተምር የነበርን ሰዎች በጣም አዝነናል።

ያቺን እናት አልረሳትም። ልጆቹ ወጥተው፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትሪው ዳር የቀረውን እንጀራ ቆማ በላች። ብቻዋን። እኔ ሚዛኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ጨርሼ ነበር።