ከማረጥ በኋላ፦ የጡንቻ ማሽንና ክብደት ማንሳት (ጥያቄና መልስ)

ጅማ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እኔም 56 ደፍኛለሁ። ጡንቻን በኤሌክትሪክ ስለሚያነቃቃው ማሽን አንድ ሁለት ቃል ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ።

ጥ፦ 54 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመት ሆነው። ልጄ ማሽኑን ከውጭ ላከችልኝ። እሱን ለጥፌ ቡና እያፈላሁ ብቀመጥ ይበቃል?

መ፦ ቡናው ይፈላ፤ ግን አይበቃም እቴ። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ ጡንቻም አጥንትም ይሳሳል። ማሽኑ ነርቩን ቀስቅሶ ጡንቻውን ያኮማትረዋል። አጥንት ግን ክብደት መሸከም ይፈልጋል። ስለዚህ ማሽኑንና እንቅስቃሴውን አንድ ላይ ሥሪ። የእኛ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ ይከብዳል፤ በወንበር ጀምሪ። አንዱን ፓድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያስተላልፈውን ልጣፍ) ጭንሽ ላይ ከፍ አድርገሽ፣ ሌላውን ከጉልበትሽ በላይ ለጥፊ። ጡንቻውን ጭምድድ ሲያደርገው ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ። ሲለቅ እረፊ። ስምንት አሥር ጊዜ። ሲቀልሽ በየእጅሽ ባለ 2 ሊትር ውሃ ያዢ።

ጥ፦ ስንት ኸርዝ (በሰከንድ ስንት ምት) ላድርገው?

መ፦ ለጥንካሬ ከ50 እስከ 80 ባለው ይሠራበታል። ካቃጠለሽ ፓዱ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ጥ፦ ቴንስ ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

መ፦ አይደለም። ቴንስ ሕመም ለማስታገስ ነው። መልካቸው ስለሚመሳሰል ስንቱ ተሸውዷል!

ጥ፦ በየቀኑ ልጠቀመው?

መ፦ ኧረ አትቸኩዪ! ጀማሪ ከሆንሽ በጥቂቱ ጀምሪ፤ በመካከሉም ጡንቻሽን አሳርፊው። ገና በመጀመሪያው ቀን ኃይሉን እስከ ጥግ የሚከፍቱ አሉ። ጡንቻ ክፉኛ ከተጎዳ ኩላሊትንም ያውካል። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ቤት አትቆዩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጥ፦ እናቴ 70 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት የጅረን ዳገት አቅቷታል። ይጠቅማታል?

መ፦ ልጄ፣ ማሽኑ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእሷ ዓይነቱ ነው። ጉልበት ሲያም ጭን እንደ ልብ አይታዘዝም፤ ኤሌክትሪኩ ያግዘዋል። ልቧ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ)፣ የሚጥል በሽታ ወይም እግሯ ላይ የረጋ ደም ካለ ግን አይሞከርም። አንገትና ደረት ላይማ ለማንም አይለጠፍም። ጤነኛ ሆና ክብደት የምታነሳ ሴት ከማሽኑ የምታገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው። ብሯን ጡንቻ ለሚገነቡት ለዕንቁላልና ለባቄላ ብታውለው እመርጣለሁ።

ጥ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መ፦ ትንንሾቹ በባትሪ ነው የሚሠሩት። እንዲያውም ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ እያደረገ ሰውነትሽ ላይ አትለጥፊው።