ዓሣ እየበላሁ የካልሲየም ክኒን ለምን?

ጥያቄ፦ 53 ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ ከቆመ 2 ዓመት ሆኖታል። ሐኪም ባለ 500 ሚሊ ግራም የካልሲየም ክኒን በቀን ሁለቴ አዘዘልኝ። ዓሣ የማላጣ የሐዋሳ ሰው ነኝ፤ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ የቆሮሶ ዓሣ ካልሲየም ያለው እርስዎ ለቅመው የሚጥሉት አጥንት ውስጥ ነው፤ ሥጋው ላይ ጥቂት ነው። በዕድሜዎ ለአጥንትዎ በቀን 1200 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ያህል ይሰጣል። ወተት አዘውትረው ከጠጡ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ክኒኑ ሊቀነስ ይችላል።

ሁለቱንም ክኒን ባንዴ አይዋጡ፤ አንጀት በአንድ ጊዜ ከ500 በላይ በደንብ አይመጥም። ክኒኑ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከምሳና ከእራት ጋር ይሁን፣ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋልና። የደም ማነስ ክኒን ካለ ቢያንስ በ2 ሰዓት ያራርቁት። ሐዋሳ ያለው ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሄዱ ደግሞ ቁጭ ከማለት ፈጠን ብሎ መራመዱ ይሻላል፤ አጥንት ክብደት ሲሸከም ነው የሚጠነክረው።